እግሩ ያልተቀበረው ጠረጴዛ

ስቶን ማውንቴን፣ አሜሪካ፣ መስከረም 26 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ገሠሠ፣

አዲሱ ዓመት እንዴት ገባላችሁ? እትዬ ብዙነሽስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከሥራ ብዛት በቀር የምማረርበት የለኝም። የኪዳነ ምሕረት ጥበቃ ከደጃችሁ አይራቅ።

ጋሼ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ እንደወትሮው «ምን ልላክላችሁ?» ለማለት አይደለም። ጥያቄ አለኝ፤ ያውም የአናጢ ጥያቄ። ሳይስቁ ያንብቡልኝ።

ሎረንስቪል በምትባል ከተማ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሚስተር ክላይድ ይባላሉ። በሳምንት አራት ቀን አሮጌዋን ዳትሰን መኪናዬን እየነዳሁ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ምግባቸውን እሠራለሁ፣ ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣቸዋለሁ። በዚህ አገር ቋንቋ አንቱታ የለም፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን አንተ ማለት ከበደኝ።

እኚህ ሰው ጋራዣቸው ውስጥ የሚሠሩትን ቢያዩ ጉድ ይላሉ። የተተኮሰ ጥይት ቀልሃ ለቅመው ያጸዱና እንደገና ባሩድና እርሳስ ሞልተው ጥይት ያደርጉታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቻቸው ጋር ሜዳ ወጥተው ወረቀት ላይ ይተኩሱታል። ወረቀት ነው የምልዎ! ሚዳቋ እንኳ አይገድሉም። መጀመሪያ ፈርቼ «ጋራዡን አልጠርግም» ብዬ ነበር፤ አሁን ካላየሁት አላርፍም።

ጠረጴዛቸው ላይ በቡሎን የታሰረ መጭመቂያ አለ። እጀታውን ወደ ታች ሲስቡት የሰፋው ቀልሃ ተጨምቆ ቅርጹ ይመለሳል። አጠገቡ ባሩድ የሚመዝኑባት ትንሽ ሚዛን አለች። ችግሩ ጠረጴዛው ነው፤ ከስስ ኮምፔንሳቶ የተሠራ ነገር ስለሆነ እጀታው በተሳበ ቁጥር ይወዛወዛል፣ ሚዛኗም አብራ ትጨፍራለች። ባሩዱ ከልኩ ካለፈ ደግሞ ጠመንጃው ፊታቸው ላይ ሊፈነዳ ይችላል። «አዲስ ልግዛ» ሲሉ ሰማሁና «አይግዙ፣ አጎቴ አናጢ ናቸው፣ እኔ እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አንቺ?» አሉኝ።

እርስዎም እንደዚሁ ነበር ያሉኝ ጋሼ። እናቴ ሞታ እናንተ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሰጋቱራ ስጠርግ አደግሁ፤ በአሥራ አራት ዓመቴ መሮ ይዤ ቢያገኙኝ ከእጄ ወስደው «ግቢ፣ ብዙነሽን እርጂ» አሉኝ። ከፍቶኛል። እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም እንጂ በጣም ነው የከፋኝ። አሁን ያኔ የከለከሉኝን ያስተምሩኝ። የማይነቃነቅ የሥራ ጠረጴዛ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ወይንሸት


ጅማ፣ ኅዳር 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይንሸት፣

አብዮታዊ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። የብዙነሽ ጉልበት አንድ ጊዜ እየባሰ አንድ ጊዜ እየተሻለ ነው። ደብዳቤሽ ጠርዙ ተቀዶ፣ በሙጫ ተለጥፎ ደረሰኝ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

የጻፍሽው ነገር አስገርሞኛል፤ ስለዚህ የምጠይቅሽን አንድም ሳታስቀሪ መልሺልኝ። ሰውየው ማን ናቸው? ወታደር ነበሩ ወይ? በቀን ስንት ጥይት ይሞላሉ? ለማን ነው የሚሰጡት? ቅዳሜ የሚሰበሰቡት ጓደኞቻቸው ስንት ናቸው፣ ማኅበር አላቸው ወይ፣ ሊቀ መንበራቸውስ ማን ነው? መጭመቂያውን ማንም ሰው ሊገዛው ይችላል? እጀታው ሲሳብ የሰው ጉልበት ይበቃዋል ወይስ ሞተር አለው? ደግሞስ ጠረጴዛውን በገዛ እጅሽ ነው የምትሠሪው ወይስ ሰው ትቀጥሪያለሽ?

ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። እንጨቱ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ዛሬ ቢቆም ነገ ይጣመማል። ዋንዛ ካላገኘሽ ጭረቱ ቀጥ ያለ ሌላ እንጨት ፈልጊ። የላዩ ጣውላ አራት ጣት ይወፍር። ምስማር አታብዢ። የእግሮቹን ጫፍ ጠርበሽ፣ ጣውላውን በመሮ በስተሽ፣ አስገብተሽ በሽብልቅ አጥብቂው። እግሮቹ ከጠርዙ ገባ ይበሉ፣ አለዚያ ስትሠሪ የእግር ጣትሽ እየመታቸው ትቸገሪያለሽ። ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል፤ እግሮቹን አንድ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ ቀብረሽ ዙሪያቸውን በድንጋይ ጠቅጥቂ። የእኔ ከተተከለ ሠላሳ ዓመት ሆነው፤ አንድም ቀን ተነቃንቆ አያውቅም።

ሥራ ቤቱ ለጊዜው ዕረፍት ላይ ነው፤ ለዚህ አታስቢ። አምላከ ሚካኤል ይጠብቅሽ።

አጎትሽ ገሠሠ


ስቶን ማውንቴን፣ ጥር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ፣

የጥምቀት በዓል በሰላም አለፈላችሁ? እኛ እዚህ በአንድ ፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስበን፣ ካፖርት ለብሰን በበርሜል ውሃ አከበርን። እትዬ ብዙነሽን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስታ ነው ያሰከረኝ። በሕይወትዎ ይህን ያህል ጥያቄ ጠይቀውኝ አያውቁም። «አብዮታዊ ሰላምታ» ማለትዎ ግን አሳቀኝ፤ እርስዎ ነዎት ወይስ ማን ነው? ብቻ ሁሉንም እመልስልዎታለሁ።

ሚስተር ክላይድ ወታደር አልነበሩም፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ጓደኞቻቸው አምስት ናቸው። ሊቀ መንበር የላቸውም፤ አንደኛው ብስኩት ያመጣል፣ እሱ የቀረ ቀን ሁሉም ይከፋቸዋል። መጭመቂያውን ማንም ከሱቅ ይገዛዋል፣ ሞተር የለውም። በአንድ ቀን መቶ ያህል ይሞላሉ፤ ቅዳሜ ይጨርሱታል፤ ሰኞ ከዜሮ ይጀምራሉ። «ለምን ይደክማሉ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «እጄ ሥራ ካልያዘ ሚስቴ ትዝ ትለኛለች» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኋቸውም።

ጠረጴዛውን ደግሞ በገዛ እጄ ነው የምሠራው! ሰው ልቀጥር? እንጨት ቤት ሄጄ ዝግባ የሚመስል ደረቅ ጣውላ መረጥኩ። ሻጩ «ባልሽ ስንት በስንት ነው የፈለገው?» አለኝ። «ባል የለኝም፣ መጋዝ አለኝ» አልኩት። አብራኝ የምትኖረው ሉሊት ጣውላውን መኪናው ጣሪያ ላይ አስሬ ስመጣ አይታ «ኦ ማይ ጋድ! አንቺ ክሬዚ ነሽ እንዴ? ዳብል ሺፍት ሠርተሽ ጣውላ ትሸከሚያለሽ? ሪላክስ አድርጊ እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ግን ሌላኛውን ጫፍ ያዘችልኝ።

የላዩን እንዳሉኝ አወፈርኩት። እግሮቹን ጠርቤ፣ ገባ አድርጌ፣ በሽብልቅ አጠበቅኳቸው። አንዱን ቀዳዳ አስፍቼው ሁለት ቀን አለቀስኩ፣ እንደገና በሳሁ። አንድ ነገር ብቻ አልሆነልኝም ጋሼ። የጋራዡ ወለል ሲሚንቶ ነው። «እግሩ አንድ ክንድ ይቀበር» የሚለውን ለሚስተር ክላይድ ስተረጉምላቸው ወለላቸውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ «ቤቴን ልታፈርሺ ነው?» አሉ።

ስለዚህ ሳልቀብረው አቆምኩት። መጭመቂያውን አስረው እጀታውን ሳቡ። ጠረጴዛው ተራመደ! እጀታው አሥር ጊዜ ሲሳብ አንድ ስንዝር ወደ በሩ ሄደ። ሽማግሌው «እንደ ውሻ እንሰረው ወይ?» ብለው ሳቁብኝ። ያን ሁሉ እንጨት፣ ያን ሁሉ ሽብልቅ! ምንድን ነው የጎደለው? ፎቶግራፉን ልኬልዎታለሁ፤ በደንብ አይተው ይንገሩኝ።

ልጅዎ ወይንሸት


ጅማ፣ የካቲት 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይንሸት፣

መጀመሪያ አብዮታዊ ሰላምታ፣ ቀጥሎ የሥጋ ዘመድ ሰላምታ ይድረስሽ። ጤናችን ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ከመግባቱ በፊት የቀበሌያችን ጸሐፊ ጓድ ተክሌ ያነበዋል። «እውነቱን ይጻፉላት» ያለኝም እሱ ነው፤ ስለዚህ እጽፍልሻለሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ተከፍቶ ተነቦ ነው እጄ የገባው። ጥይት፣ ባሩድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ሰዎች፣ ከአሜሪካ ለአንድ አናጢ የተላከ የጠረጴዛ ጥያቄ፤ ለአንድ ኮሚቴ ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልገዋል? ኅዳር 9 ቀን ሦስት ሰዎች መጥተው ሥራ ቤቱን አሸጉት። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ማኅተም መቱበት። መጋዜም መላጊያዬም ውስጥ ናቸው። አራት ወር ሊሞላው ነው። ብዙነሽ ደጃፍ ተቀምጣ ሽንኩርት ትቸረችራለች። እኔ ጠዋት ጠዋት ተነስቼ እታጠብና የምሄድበት የለኝም።

ስለ ሰውየውና ስለ ጓደኞቻቸው የጠየቅሁሽን ጓድ ተክሌ ነው ያስጻፈኝ። ይህን ስላልነገርኩሽ ይቅር በይኝ። መልስሽ ሲመጣ ኮሚቴው ፊት ጮክ ብሎ ተነበበ። ብስኩት ስለሚያመጣው ሰውዬ ሲነበብ አንድ ሁለቱ ሳቁ፣ ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቀም። ፎቶግራፉን ጓድ ተክሌ አገላብጦ አገላብጦ አየውና «ይኼ ጠረጴዛ ብቻ ነው?» አለኝ። «ጠረጴዛ ብቻ ነው» አልኩ። «የተደበቀ ነገር ከሌለበት እንግዲያው ሠርተው ያሳዩን፣ እኛም እንየውና ፋይሉን እንዝጋው» አለ።

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ልሠራው ነው። ከሥራ ቤቱ የሚያስፈልጉኝን መሣሪያዎች ብቻ አውጥተው ይሰጡኛል። አትጨነቂ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ነው የጠየቁኝ፣ አንድ ሳምንት አይፈጅብኝም። አንቺ ግን ከእንግዲህ ስለ ባሩድ አትጻፊ። ያንቺ ለምን እንደተራመደ ደግሞ የእኔን ጨርሼ ባዶ እጄን ስቀመጥ አስብበታለሁ፤ አንድ ቦታ ሽብልቁን አላልተሽው ይሆናል።

አጎትሽ ገሠሠ


ስቶን ማውንቴን፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ፣

ጤናዎን፣ የእትዬ ብዙነሽን ጤና፣ የቤታችሁን ሰላም አምላክ ይጠብቅ። ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስት ጊዜ ቀደድኩት።

ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ? እዚህ አገር ሰው ስለ ጥይት የሚያወራው እኛ ስለ ዝናብ እንደምናወራው ነው፤ እኔም ለመድኩትና ዝም ብዬ ጻፍኩት። ደብዳቤ እንደሚከፈት ማወቅ ነበረብኝ። እዚያ ነው ያደግሁት! በሱዳን በኩል ስወጣ ስሜን እንኳ ለሰው አልናገርም ነበር፤ አራት ዓመት ብቻ እዚህ ተቀምጬ አፌ ተፈታ። በእኔ አፍ የእርስዎ በር ታሸገ። ለሚስተር ክላይድ ስነግራቸው መጭመቂያውን ትተው «ለከንቲባችሁ እጽፋለሁ» ብለው ወረቀት አወጡ። በእግዚአብሔር ስም ተዉ ብዬ ወረቀቱን ወሰድኩባቸው።

ጓድ ተክሌ፣ ይህን እያነበቡ ከሆነ ሰላምታዬ ይድረስዎ። አጎቴ በዕድሜያቸው አንድ ወንጀል ብቻ ነው የሠሩት፣ እሱም አንዲትን ልጅ ከሥራ ቤት ማስወጣታቸው ነው። በሩን ያሸጉት ለዚያ ከሆነ በቂ ጊዜ ሆኗል።

ጋሼ፣ ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ያ ሁሉ ጥያቄ ሲመጣልኝ «አጎቴ ስለ ሥራዬ ሊያውቁ ፈለጉ» ብዬ ነበር። ለሉሊት አነበብኩላት፣ ለሽማግሌው ተረጎምኩላቸው። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ የእርስዎ አንድም አልነበረም?

ጠረጴዛዬ ቆሟል። ሽብልቁን አላላሁትም፣ ነገሩ ሌላ ነበር። አሁን ሚስተር ክላይድ እጀታውን ሲስቡ የሚዛኗ መርፌ ንቅንቅ አትልም። እንዴት እንዳደረግሁት ግን አልጽፍም። የጻፍኩት ሁሉ ማኅተም ሆኖ በርዎ ላይ ይመታል።

ወይንሸት


ጅማ፣ ግንቦት 4 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለወይንሸት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ብዙነሽ ትስምሻለች።

ተዋረድኩ ልጄ።

ጠረጴዛውን በስምንት ቀን ጨረስኩት። ንጹሕ ዋንዛ፣ እንደ መስተዋት የተላገ። የአዳራሹ ወለል ሲሚንቶ ስለሆነ አልቀበርኩትም፤ እንዲሁም ይቆማል ብዬ ነበር። ጓድ ተክሌ በመጭመቂያው ፈንታ ከብረት ሠሪ ዘንድ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ አስመጥቶ ላዩ ላይ አሰርን፣ ረጅም ብረት አስነከስነውና ወደ ታች ሳበው። ተራመደ። ሰባት የኮሚቴ አባላት ፊት ጠረጴዛዬ ሲራመድ አየሁት። ያንቺ ሲራመድ ያየሁ ያህል ነበር።

ሊቀ መንበሩ ምን እንዳለ ልንገርሽ? «ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራ አናጢ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ መሥራት አቅቶት አይደለም፤ እውነተኛውን እየደበቀን ነው» አለ። «አልደበቅሁም፣ አላውቀውም» አልኩ። አላመኑኝም። እውነተኛውን ካላሳየሁ ማኅተሙ አይነሳም ተባለ፤ ሥራ ቤቱም ለማኅበር እንዲሰጥ ሐሳብ ቀርቧል። እስከ ሐምሌ ቀን ሰጥተውኛል።

ስመለስ ቤቴ ገብቼ አሰብኩት። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛዬን ያቆመው መሬቱ ነው። እኔ በእጄ ሥራ የቆመ መስሎኝ እኮራ ነበር።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። «በገዛ እጅሽ ነው የምትሠሪው?» የሚለው የእኔ ነው። ጓድ ተክሌ «ይኼ ለጉዳዩ አይጠቅምም፣ ይሠርዙት» ብሎኝ ነበር። አልሠርዝም አልኩት። በልጅነትሽ መሮውን የወሰድኩብሽ ቀን የያዝሽበት አያያዝ ትክክል ነበር። ማንም ሳያሳይሽ። ያ ነው ያስቆጣኝ፣ ምክንያቱን አሁንም በቅጡ አላውቀውም። ሰው ሁሉ «ገሠሠ ሴት ልጅ አናጢ አደረገ» እንዳይለኝ ነው መሰለኝ።

አሁን እንዴት እንዳቆምሽው ጻፊልኝ። ምንም አትፍሪ፤ ማኅተሙን የሚያነሳው ያንቺ መልስ ነው። አስተምሪኝ።

ገሠሠ


ስቶን ማውንቴን፣ ግንቦት 29 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ ሥራ አልገባሁም። ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ሥራው እገባለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ፣ እናንተም በጤና ጠብቁኝ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ወለሉ ላይ ተኝቼ ነው። ሚስተር ክላይድን «እጀታውን ይሳቡ» አልኳቸውና እኔ ሲሚንቶው ላይ በሆዴ ተኝቼ እግር እግሩን አየሁ። እጀታው ወደ ታች ሲሳብ የኋላዎቹ ሁለት እግሮች ግማሽ ጣት ያህል ከወለሉ ይነሳሉ! እጀታው ሲለቀቅ ያርፋሉ፤ ሲያርፉ ግን ከነበሩበት ትንሽ ፈቀቅ ብለው ነው። አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ሌላው ጫፍ ብድግ ይል የለ? እሱ ነው። እጀታው ከእግሮቹ ውጭ ተንጠልጥሏል። እርስዎ እግሮቹን ገባ ያደርጋሉ፤ መሬቱ ስለያዛቸው ግድ የለም ነበር። ሲሚንቶ ግን አይዝልዎትም። ስለዚህ ጠረጴዛው ራሱን ይያዝ።

እንዲህ ያድርጉ። የፊት እግሮቹን እስከ ጠርዙ ያውጧቸው፤ የእግር ጣትዎን ቢመታዎትም ይቻሉት። ሞርሳውን መሀል ላይ ሳይሆን አንደኛው እግር አናት ላይ፣ በቀጥታ ይሰሩት፤ ጉልበቱ በእግሩ በኩል ወርዶ ወለሉን ይምታ። ከኋላና ከሁለቱ ጎን ከእግር እግር በሰያፍ የሚገባ እንጨት ያስገቡ፤ ያለዚያ አራት ማዕዘን ሁሉ ሲገፋ ይንጋደዳል። ከዚያ ከታች፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው መደርደሪያ ይሥሩና ክብደት ይጫኑበት። ሽማግሌው የእርሳስ ብረታቸውን ጫኑበት፤ እርስዎ ድንጋይ ይጫኑ። በመጨረሻ ከግድግዳው ጋር በሁለት ቡሎን ይሰሩት፤ ግድግዳው የመንግሥት ነው ካሉዎት ድንጋዩን እጥፍ ያድርጉት።

የእኔን ሚስተር ክላይድ ሲሞክሩት አልሳቁም። ሚዛኗን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጋራዡ ግማሹ ያንቺ ነው፣ ምን ልትሠሪበት ነው?» አሉኝ። እስካሁን አልመለስኩላቸውም።

ጋሼ፣ «አስተምሪኝ» ያሉትን ቃል ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ልነግርዎት አልችልም። ደስ ብሎኛል። ለዚህ ነው ወይ በርዎ የታሸገው ብዬም አፈርኩ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ወይንሸት


ጅማ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይንሸት፣

የእግዚአብሔር ሰላም ይድረስሽ። ብዙነሽ ሽንኩርቱን ትታ ቤት ገብታለች፤ ሰላምታዋን ስምሽን እየጠራች ነው የምታስጽፈኝ።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ያነበበው ጓድ ተክሌ ነው። ራሱ ይዞልኝ መጣ፤ ፖስታው ተከፍቶ፣ ሊለጥፈው እንኳ አልሞከረም። «እውነት የኋላው እግር ይነሳል?» አለኝ። «እንሂድና እንየው» አልኩት። አዳራሹን ከፍተን የተራመደውን ጠረጴዛ እኔ ስስብ፣ እሱ ካኪውን እንደለበሰ ሲሚንቶው ላይ በሆዱ ተኛ። «ተነሳ! ተነሳ! ኧረ ይድገሙት!» እያለ ጮኸ። ዘበኛው ምን ሆነ ብሎ ሮጦ መጣ፤ እሱም ተኛ። ሁለቱም አቧራቸውን ሳያራግፉ ተራ በተራ እየተኙ አሥር ጊዜ እንድስብ አደረጉኝ።

እንዳልሽኝ አደረግሁ። እግሮቹን አወጣሁ፣ ሰያፎቹን አስገባሁ፣ ሞርሳውን ከእግሩ አናት አሰርኩ። ግድግዳውን እንዳልበሳ ተከለከልኩ፣ ስለዚህ ድንጋዩን እጥፍ አደረግሁት። ድንጋዩን ከወንዝ ያጋዘው ጓድ ተክሌ ነው፤ ለማንም እንዳልናገር ለምኖኛል፣ ይኸው ነገርኩሽ፣ እሱም ያነበዋል።

ሐምሌ 18 ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጠርዙ እስኪደርስ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሰባቱም ተራ በተራ ሳቡት። ሊቀ መንበሩ ኮቱን አውልቆ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። «ምስጢሩ ይኼ ነው?» አለ። «ይኼ ነው፣ ጠረጴዛ ነው» አልኩት። ቅር ያለው ይመስላል፤ ትልቅ ነገር ጠብቆ ነበር። ጠረጴዛውን ለቃለ ጉባኤ መጻፊያ ወስደውታል። ይውሰዱት። በማግስቱ የሥራ ቤቴ ማኅተም ተነሳ። ስገባ እዚያው ቀርቶ የነበረውን ሁለተኛውን መላጊያዬን ዝጎ አገኘሁት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጓድ ተክሌ ቃለ ጉባኤውን ሲጽፍ «ጠረጴዛውን የነደፈው ባለሙያ ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ስሜን ሊጽፍ እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር።

«ወይንሸት ገብረሕይወት» አልኩ።

«ሥራዋ?»

ሊቀ መንበሩ «የቤት ሠራተኛ አይደለችም እንዴ?» አለ። ደብዳቤሽን አንብቧላ። እኔ ተነስቼ ቆምኩ። እንዲህ አልኩ፤ ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ። «አናጢ ናት። እኔ ቤት ነው የጀመረችው፤ እኔ ነኝ ያስወጣኋት፤ ተሳስቼ ነበር።» አላፈርኩበትም።

ጓድ ተክሌ ጻፈው። በአንቺ ደብዳቤ የተከፈተው ፋይል የመጨረሻው ወረቀት ላይ «ወ/ሪት ወይንሸት ገብረሕይወት፣ አናጢ» ይላል። ማኅተም ተመትቶበታል፤ ሰባቱም ፈርመውበታል፤ እኔም ስምንተኛ ሆኜ ፈርሜያለሁ።

የሙያ ባልደረባሽ
ገሠሠ